የሉሴያኔ ትልቅ ጡሩንባ

ፊሊሞኔ ነርሷን ሉሴያኔን ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊኒኳ ውስጥ ያያት ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ በደም ተበላሽቶ ነው። ራግቢ ሲጫወት የሰው ክርን አግኝቶት ነው። ለመንደራችን አዲስ አስተማሪ፣ ያውም ለማርሽ ባንዳችን አዲስ መሪ፣ ከንፈር ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት!

«መቼ ነው ጡሩንባ የምነፋው?» አላት፣ ገና መርፌው ሳይነካው።

«መጀመሪያ አፍህን ዝጋ።»

«የምሬን ነው፣ እህቴ።»

«እኔም የምሬን ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ። አሁን ዝም በል፣ ልሰፋህ ነው።»

ዝም አለ። ዓይኑን ግን ከፊቷ ላይ አላነሳም። ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን ሳትቆርጥ መቀሱን አስቀመጠችው፤ ስድስት ዓመት በነርስነት ስትሠራ እንዲህ ሆና አታውቅም።

ቁስሉን ሊያሳይ ሲመላለስ፣ ሉሴያኔ ተማሪ ሳለች የትምህርት ቤቱን ትልቁን ጡሩንባ ትነፋ እንደነበር ሰማ። ያንን ጎረምሳ እንኳ አቅፎ የሚያለከልክበትን!

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«ሥራ ያዝኩ፣ እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። በየት በኩል ልንፋ?»

«የኛው ትልቅ ጡሩንባ እኮ የሚነፋው ጠፍቶ ሸረሪት አድርቶበታል። እስቲ መጥተሽ እይው ብቻ።»

አየችው። አየችውና እዚያው ባንዱ ውስጥ ቀረች። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ጧት ክሊኒክ፣ ከሰዓት በኋላ እናቷን አጥባ አብልታ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ደግሞ ያንን የሚያክል ነሐስ ታቅፋ ልምምድ። ፈረቃዋ ከልምምዱ ሲጋጭ ፊሊሞኔ የሷን ድርሻ ወረቀት ላይ ጽፎ በክሊኒኩ መስኮት ያስገባላታል። የኛ ኖታ ቁጥር ነው፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ። በደሴታችን በቫቫኡ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያነበው የለም። ጽዳት ሠራተኛዋ ፋኔ ወረቀቱን አንስታ ከክትባቱ ማስታወቂያ ጎን ትለጥፈዋለች፤ ሉሴያኔም በሽተኛ ጋብ ሲልላት እያየች ታጠናለች።

የባንዱ ከበሮ መቺ ታናሽ ወንድሟ ሴሚሲ ነው። እኛ ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ ይከባበራሉ፤ አንድ ክፍል ውስጥ አያድሩም፣ አይቃለዱም። የፍቅር ወሬ ሁለቱ ባሉበት ከተነሳ ወንድምየው ብድግ ብሎ ይወጣል። ሴሚሲም ከፍ ካለ ጀምሮ ጓሮ ባለችው ጎጆ ነው የሚያድረው። ግን እሷ ተማሪ ሳለች ቤት ውስጥ ጡሩንባ ስትለማመድ፣ እሱ እዚያ ማዶ ሆኖ የብስኩት ቆርቆሮ እየደበደበ ምቱን ይጠብቅላት ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

የፊሊሞኔ ከንፈር ዳነ፤ ልቡ ግን ባሰበት። አርባ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ሰው እሷ ፊት ሲቆም ምላሱ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ቆረጠና፣ ጎረምሳ ሁሉ ለወደዳት ልጅ የሚዘፍነውን ያንን ዜማ በቁጥር ጽፎ፣ ከላዩ «ለሉሴያኔ ብቻ» ብሎ በመስኮት ከተተው። ቁጥር ነው፣ ማን ያውቅብኛል ብሎ ይሆን? ጅል! ፋኔ እንደ ልማዷ ለጠፈችው።

በማግስቱ አግዳሚ ወንበሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሉሴያኔ አባት እህት፣ በዚያ ቤት ቃሏ የማይታጠፈው ኡናሎቶ፣ የደም ግፊቷን ልትለካ ተቀምጣለች። ሴሚሲም የባሕር ድንጋይ እግሩን ቆርጦት ጥግ ይዟል። አክስትየዋ መነጽሯን አደረገች።

«አምስት፣ አምስት፣ ሰባት… ቆዩ እስቲ፣ ይቺማ…» አለችና ዜማውን ለቀቀችው። አንዷ ተቀበለች፣ ሌላው በወፍራም ድምፁ ገባበት። ወዲያው ክሊኒኩ ሙሉ መዘምራን ሆነ። ሉሴያኔ ፋሻ እንደያዘች ከውስጥ ብቅ አለች፣ ወረቀቱን አየች፣ ፊቷ ፍም መሰለ።

ሴሚሲ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ወጣ። ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ኡናሎቶ። ከዚያ ከላይ የተጻፈውን ስም አነበበችው። «ውይ በሞትኩት!»

ሴሚሲ ረቡዕ ልምምድ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። የደሴቱ ባንዶች ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እህቱ ለፍቅር የምትፈለግበት ባንድ ውስጥ፣ እሷው ባለችበት፣ ምን ብሎ ይቁም?

ሉሴያኔ ከልምምዱ በኋላ ጡሩንባውን አቅፋ ፊሊሞኔ ፊት ቆመች።

«ልመልሰው ነው። ወንድሜን አሳፍሬ አልነፋም።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ልልቀቅ።»

«አንተ ከለቀቅህ ባንዱን ማን ይመራዋል?»

«አንቺ ከተውሽውስ ምን ባንድ ይባላል?» ብሎ ጎንበስ አለ። «እኔ የወደድኩሽ ከነጡሩንባሽ ነው፣ ሉሴያኔ።»

«እኔም እወድሃለሁ፤ ችግሩ እሱ አይደል!» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት። ጡሩንባውን እግሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ክንዷ ባዶ ሆኖ፣ ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቷት፣ ቤቷ ደረሰች።

ይህን የሰማችው ኡናሎቶ ግን አርፋ አልተቀመጠችም።

«አፌ ያበላሸውን እኔው አቃናዋለሁ» ብላ ፊሊሞኔን አስጠራችው። «ወገብህን እንደ ወጉ በምንጣፍ ታጠቅ፣ የሚጠጣ ካቫ ያዝ፣ ሴሚሲ ፊት ቁጭ በልና እንደ ሰው ይቅርታ ጠይቅ። የምትፈልጋትንም እንደ ሰው ጠይቅ። በመስኮት አይደለም!»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፊሊሞኔ እንደታዘዘው ታጥቆ፣ ከሥር የሚዘጋጀውን የክብር መጠጥ ይዞ እነ ሉሴያኔ ቤት መጣ። ሴሚሲ ገና ሳይቀመጥ፣ ወደ አክስቱ ዞሮ «እህቴ ወደ ጓሮ ትውጣልኝ» አለ።

ሉሴያኔ ወጥታ የወንድሟ ጎጆ ደጃፍ ተቀመጠች። ከቤት ውስጥ የሚባለው አይሰማም። የጎጆው በር ገርበብ ብሏል፤ ከአልጋው በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ያ የብስኩት ቆርቆሮ ተሰቅሏል፤ ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ መልኩ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ዓመት አልጣለውም። የሰው ምስጢር እንዳየች ሁሉ ዓይኗን መለሰች።

ኡናሎቶ ብዙ ቆይታ መጣች።

«ሴሚሲ እምቢ አለ?»

«‹ስታገባት ጡሩንባዋን ታስጥላታለህ ወይ?› ነው ያለው፣ ሌላ ምንም የጠየቀው የለም። ‹ሥራ አለባት፣ ልጅ መጣ፣ ቤት ጎደለ ብለህ ታስቀራታለህ ወይ? በልምምድ ቀን ማን ነው የሚያበስለው?› አለው።»

«ፊሊሞኔስ?»

«‹እኔ› አለ። ‹አንተም ልምምድ ላይ ነህ፣ እንዴት አድርገህ?› ብሎ አፋጠጠው። ላብ በላብ ሆነልሽ፣ ምስኪን! ‹ጧት ተነስቼ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሺ ብሎ ካቫውን ጠጣለት። እናትሽን ረቡዕና ቅዳሜ እኔ እጠብቃለሁ። ተነሽ፣ ጡሩንባሽን አምጪ፣ ነገ ልምምድ ተጨምሯል።»

ሉሴያኔ እየሳቀች አለቀሰች። እንደዚያ ቀን በወንድሟ ኮርታ አታውቅም፤ ሄዳ ልታቅፈው ግን ወጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ጡሩንባውን ከፊሊሞኔ ቤት አስመጥታ፣ እናቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ነፋች። ጥቂት ቆይቶ ከጓሮው ቆርቆሮው መለሰላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ በተደረገው የባንዶች ውድድር ላይ ሉሴያኔ ነጭ ልብሷን ለብሳ ከፊት ረድፍ ቆማለች። ጧት ሁለት ሰው አዋልዳ ነው የመጣችው። ፊሊሞኔም ጧት ምሳ አብስሎ፣ ጣቱን አቃጥሎ ነው የመጣው። የስምንት ወር ልጃቸው ኡናሎቶ ጭን ላይ ናት።

የመጨረሻው ዜማ ያ የክሊኒኩ ዜማ ነበር። ፊሊሞኔ የመሪነት ዘንጉን ከማንሳቱ በፊት ሴሚሲን አየው። ሴሚሲ ከበሮውን አጠገቡ ላለው ሰው አቀበለ፣ ሕፃኗን ከአክስቱ ጭን ወሰደና ራቅ ብሎ ወደቆመው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሄደ። ጀርባውን ለባንዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ቆመ። የሚያውቅ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ወንድም እንዲህ ነው።

ዜማው ተጀመረ። ሉሴያኔ ከጡሩንባዋ በላይ አሻግራ አየች። የሴሚሲ እጅ የሕፃኗን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርጋል፤ አንድም ምት አልሳተም።

ሁለተኛ ወጣን። ፊሊሞኔ እስከ ዛሬ ድረስ «ያን ቀን ዘንጌን አንድ ጊዜ እንኳ አላየሽም» እያለ ይወቅሳታል። እውነቱን ነው፤ ያን ቀን የተከተለችው የወንድሟን እጅ ነበር።