ያልተነፈሰው ወታደር

ፈጥረህ ነው የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የምጽፍላችሁ ከራሱ ከባለ ታሪኩ፣ ከደርበው አፍ የሰማሁትን ነው። ደርበው ዛሬም በሕይወት አለ። ይህን ነገር ባወራ ቁጥር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚሰማ ሰው ባይኖርም እንኳ።

ጊዜው 1989 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት።

ጨለማ አልነበረም... ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ታጭበረብር ነበር። ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ያቺ ፀሐይ ለመታየት እንጂ ለማሞቅ የወጣች አትመስልም።

ደርበው መኪናውን እትዬ ፈትለወርቅ በር ላይ አቆመ። ሞተሩ እንዳይበርድበት የማሞቂያውን ገመድ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካ። ከዚያ የፊልም ካሴቱን በብብቱ ይዞ በሩ ፊት ቆመ።

ደወሉን ለመጫን እጁ አልታዘዝ አለው።

የእትዬ ልጅ መሞቱን ያውቃል። እሳቸው ገና አያውቁም።

መርዶው ለማግሥቱ፣ ለእሑድ ንጋት ተቆርጧል። መቼም መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። ባለቤቱ እህል ቀምሶ ካደረ፣ ዘመድ ወዳጅ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ሽማግሌው ጋሼ መኳንንት ናቸው። ለደርበው የደረሰው ሥራ ቀላል ነው ተባለ። ቅዳሜን ከእትዬ ጋር መዋል፣ ምሳ ማብላት፣ ከቤት እንዳይወጡ መጠበቅ። ልጃቸው ቅድስት ከሥራ ሺፍቷ እስክትመለስ ብቻ።

"ፊትህን ጠብቅ፤" ብላው ነበር ቅድስት። "እማዬ ፊት ታነባለች። የሆነ ነገር ካለ ኮል አድርግልኝ።"

ልጃቸው ኪራኮስ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘመተ። በ1982 ደብዛው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። እትዬ ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካርም አላወጡም። ሰው ሊያጽናናቸው ሲሞክር "ማን ሞተ አላችሁ?" ብለው አፉን ያስይዙታል።

ባለፈው ሰኞ ግን አባይነህ የሚባል ሰው ከአገር ቤት ደወለ። ከደርበው ጋር አንድ ማሠልጠኛ የነበረ፣ በኋላም ከኪራኮስ ጋር አንድ ምሽግ የተኛ ወታደር ነው። ዓመታቱን ሱዳን ውስጥ በስደት አሳልፎ መመለሱ ነበር። ደርበው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሁሉንም ሰማ።

ኪራኮስ ግራ እግሩን ተመታ። እግሩ ሲያብጥ ጫማውን በሳንጃ ቀደው አወለቁለት። ቁስሉን እናቱ ባስያዙት ነጠላ አሰሩለት። ከዚያ ማፈግፈግ መጣ...

"ከግራር ሥር ነው የቀረው፤" አለ አባይነህ። "ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ። ጊዜ አልነበረም፣ ደርቤ። አፈር እንኳ አላለበስነውም።"

ደርበው ለቅድስትም ለሽማግሌውም መሞቱን ብቻ ነገራቸው። የቀረውን ዋጠው። ነጠላውን፣ ግራሩን፣ አፈሩን ካልጋሪ ውስጥ ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህችን ልብ በሉልኝ።

በሩ ሳይደወል ተከፈተ። እትዬ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ።

"ምነው እንደ ቀራጭ በር ላይ ቆምክ? ግባ እንጂ፤ ያንን ብርድ ግን እዚያው ተወው።"

ወደ ቤዝመንት፣ ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። የእትዬ አልጋም፣ ቴሌቪዥኑም እዚያው ነው። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ትንሽ መስኮት በረዶ እስከ ወገቧ ስለሸፈናት፣ የሚገባው ብርሃን ሰማያዊ ነበር።

የሁለቱ የቅዳሜ ልማድ የጦር ፊልም ማየት ነው። እትዬ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ፊልሙን የሚያዩት ለታሪኩ አይደለም። ለስህተቱ ነው።

ያስለመዳቸው ደርበው ራሱ ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ተዋናይ ጥይት ሳያጎርስ ሲያርከፈክፍ አይቶ፣ "ይሄ ጠመንጃ ይወልዳል እንዴ?" ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ወዲያ ተማሪው አስተማሪውን በለጠ። እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደርጉና ፊልሙን እንደ ሌባ ይጠብቁታል። አንዱ የጠጣው ብርጭቆ መልሶ ሲሞላ፣ የጭቃው ጫማ በሩን ሲያልፍ ሲጸዳ፣ በጥንቱ ዘማች ክንድ ላይ የእጅ ሰዓት ብልጭ ሲል... "ያዝኳቸው!" ይላሉ።

ከሁሉም የሚወዱት ግን የሞቱትን መጠበቅ ነው።

ሬሳ ሆኖ የተኛው ተዋናይ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ያዩታል። "እየው፣ እየው፣ ይተነፍሳል። ይሄም አልሞተም።" ያን ጊዜ ፊታቸው ይፈካል። ደርበው መጀመሪያ ለጨዋታ መስሎት ነበር። ቆይቶ ነው የገባው። ለእትዬ የሚተነፍስ ሬሳ ሁሉ ምስክር ነው፤ ሞተ የተባለ ሁሉ እንዳልሞተ የሚመሰክር።

የዚያን ዕለት ካሴቱን ሳይመርጥ ነበር ከመደርደሪያው ያነሳው። የድሮ የፈረንጆች ጦርነት ነው፤ በረሃ ለበረሃ የሚዋጉበት።

ቅድስት ሠርታ የሄደችውን ምሳ አሞቀና አቀረበ። እትዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀምሰው እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ እሱ ጠቅልሎ አጎረሳቸው። ደግሞ ጠቀለለ።

"ዛሬ ምን ነካህ? ልትድረኝ ነው?"

"ይብሉ እንጂ እትዬ፣ ከስተዋል።"

በመነጽራቸው አናት ላይ አዩት። ደርበው ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከለ።

ፊልሙ ገና ከመጀመሩ ሰማዩ ላይ የጄት ነጭ መስመር ታየ። በዚያ ዘመን ጄት ነበር ወይ ብለው ጠየቁት፤ የለም አለ። ያዟቸው። ቀጥሎ የቆሰለው መኮንን ፋሻ ከቀኝ ክንዱ ወደ ግራው ዞረ።

"ቁስሉ ተሰደደ፤" አሉ እትዬ፣ ሳቃቸው እየመጣ። "አንተ ደግሞ ወታደር ነበርኩ ትላለህ፤ ይህን ሳታይ ልታልፍ።"

ደርበው ሊስቅ ሞከረ።

ከዚያ ውጊያው አለቀ። ሙዚቃው ቆመ። ነፋስ ብቻ የሚሰማበት ኮረብታ መጣ... ኮረብታው በሙሉ ሬሳ ነው።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳቡ። ጣታቸውን ዘረጉ።

"ያ ይተነፍሳል... ያም ይተነፍሳል... ያኛውን ደግሞ ፀሐይ አስቸግሮት ዓይኑን ጨፈነ..."

ጣታቸው ቆመ።

"ይሄስ?"

ጥግ ላይ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው ተኝቷል። ሌሎቹ የአሸዋ መልክ ያለው የፈረንጅ ልብስ ነው የለበሱት። የእሱ አረንጓዴ ነው።

"የማንን ልብስ አልብሰውት ነው?" እትዬ ሳቁ። "ይሄማ የኛ ነው።"

እውነትም የኛ ነበር። ደርበው መጀመሪያ እሱም ፈገግ አለ። ልብስ ተከራይተው፣ ዘመኑንም አገሩንም ሳይለዩ ያለበሱት ተዋናይ መሰለው።

ከዚያ ደህና አድርጎ አየው።

ኮዳው ድምፅ እንዳያሰማ ካልሲ ለብሷል። የክላሹ ማንገቻ ተበጥሶ በገመድ ተቀጥሏል። አንገቱ ላይ ያለው ኮሌታ ለቅማል እንዳይመች ወደ ውስጥ ታጥፏል። ይህን ሰሜን ምሽግ ያልተኛ ሰው አያውቀውም። ፊልም ሠሪ ከየት ያመጣዋል?

ያ ሁሉ ስህተት በሞላበት ፊልም ውስጥ፣ በዚያ ሰው ላይ አንድም ስህተት አልነበረም።

ግራ እግሩ ላይ ጫማ የለም።

"መልሰው፤" አሉ እትዬ።

ደርበው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰና አጫወተው። ያው ነፋስ። ያው ጭስ። ያው ፀሐይ ያስቸገረው ፈረንጅ ያው ቦታ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

አረንጓዴው ሰው ግን ጥግ ላይ አልነበረም። መሐል ላይ ነበር። ዛፉም አብሮት መጥቷል።

"ቅድም... እዚያ አልነበረም?" ደርበው በሹክሹክታ።

"መልሰው።"

መለሰው። አሁን ከፊት ነው። ጀርባው የቴሌቪዥኑን መስታወት ሞላው። ፊቱ ወደ ግንዱ ዞሯል። የግራር ግንድ ነው። ባዶ እግሩ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ የጨርቁ ዳር አረንጓዴ ጥለት አለው።

ደርበው ለማጥፋት እጁን ዘረጋ።

"እናጥፋው እትዬ... ካሴቱ ተበላሽቶ ነው..."

"ተው።"

"እትዬ..."

"ተው አልኩህ።"

ከወንበራቸው ወርደው ቴሌቪዥኑ ፊት ተንበረከኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ፣ የሰውየው ጀርባ ላይ አሳረፉ። ወደ ማረፊያው የሚወርድ አውሮፕላን በጣሪያው ላይ አለፈ፤ ሳህኖቹ ተንቀጫቀጩ። እትዬ አልተነቃነቁም።

ኮረብታው ማለፍ ነበረበት። ቅድም አልፎ ነበር። አሁን ግን አላልፍ አለ...

"ይተነፍሳል?" አለ ደርበው። አፉ ነው ያወጣው፤ ሊጠይቅ አላሰበም።

እትዬ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

"አይተነፍስም።"

ከዚያ ዞር ሳይሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ጥለቱ ተተርትሮባቸው በቀይ ክር እንደ ሰፉት ተናገሩ። ጊዜ ስላጠራቸው፣ ልጃቸው ሊሄድ መኪናው በር ላይ ስለቆመ ነበር በተገኘው ክር የሰፉት። ደርበው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀይ ክሩ አለ።

"ማን አፈር አለበሰው?"

ደርበው ካጎነበሰበት ቀና አለ።

"አንተ ወታደር አይደለህም? ልጄን ማን አለበሰው?"

ጓዶቹ ናቸው ሊል ነበር። ሽማግሌ ቢኖር እንደዚያ ይል ነበር። ግን ጀርባቸውን አየ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውንም ጀርባ አየ። መዋሸት አቃተው።

"ማንም፤" አለ።

በጠራራ ፀሐይ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ መርዶው ወጣ።

እትዬ አላለቀሱም። ደረታቸውንም አልመቱም። ይልቅ ራሳቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ፤ የጠፋ ዕቃ የት እንዳለ እንደተነገረው ሰው። ኮረብታውም አለፈ። ፈረንጆቹ ድንኳን ውስጥ ገብተው ማውራት ጀመሩ።

ደርበው ካሴቱን ለማውጣት ሲነሳ ክንዱን ያዙት።

"ተወው። ነገ ስትመጡ ትወስደዋለህ።"

ስትመጡ አሉ። ስትመጣ አላሉም።

ለማግሥቱ መቀጠሩን ማን ነገራቸው? ደርበው እስከ ዛሬ ይህን ይጠይቃል።

ቅድስት ከሥራ ስትመለስ ደርበው በር ላይ፣ እትዬ አውቀዋል መሰለኝ አላት። ወደ ውስጥ አየች። እናቷ ሳህን እያጠቡ ነበር። "ተቀጥሯል፤ በወጉ ይነገራት፤" አለች በመጨረሻ፣ እንባዋን በጓንቷ እየጠረገች።

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ንጋት ላይ ጋሼ መኳንንት ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው መጡ። ደርበው መሬቱን አየ። ካልጋሪ በዚያ ወር መሬቷ ብረት ነው፤ ዶማ አይገባትም። በዚያ ላይ በረዶ ተኝቶባታል። ከእትዬ በር የወጣም፣ የገባም ዱካ አልነበረም። ጓሮውም እንደ አዲስ አንሶላ ነው።

ቅድስት በሩን ከፈተች። እናቷ የቤዝመንቱን በር ቆልፈው ነው ያደሩት። ማታ ስትጠራቸው "ሥራ ይዣለሁ" ነበር ያሏት።

አሁን ግን በሩ ገርበብ ብሏል።

ወረዱ።

እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል። ጋሼ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሲዘጋጁበት ያደሩትን ቃል ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ።

"ድምፅህን ቀንስ፣ መኳንንት፤" አሉ እትዬ። "ገና አሁን ማልበሴ ነው።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ያዩት።

ምንጣፉ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ቁመቱ የሰው ቁመት የሚያህል የአፈር ክምር አለ። ቀይ አፈር። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮለታል። የእትዬ ጥፍሮች ተሰብረዋል፤ ሥራቸው ቀይ አፈር ገብቷል። ቅድስት ጮኻ እጃቸውን ስትይዝ፣ መዳፋቸው ውስጥ ጣት የሚያክል ነጭ የግራር እሾህ ተሰክቶ አገኘች።

ማንም ከየት መጣ ብሎ አልጠየቀም።

ጋሼ መኳንንት ኮፍያቸውን አወለቁ። ያዘጋጁትን ቃል ትተው ጎንበስ አሉና፣ ከተንጠባጠበው አፈር ላይ ቆንጥረው ክምሩ ላይ ጣሉ። ከኋላቸው ያለው ተከተለ። ከዚያ የሚቀጥለው። ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የፈነዳው።

የደርበው ተራ መጨረሻ ነበር። ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ውስጥ ሰደደ።

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው እንደዋለ ኮረብታ... አፈሩ ይሞቅ ነበር።