ሦስት ጊዜ የተከተበችው ጀነት

ወላሂ፣ ከዚህ በታች አንዲት የውሸት ቃል ብትገኝ ሱቄ ይቃጠል! እኔ ሙሀመድኑር፣ የጨፋ ሮቢቱ የለስላሳ ነጋዴ፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ፍሪዘሬን ከደሴ እስከ አዋሽ የማያውቀው የለም፤ ጠርሙስ ይሰነጥቃል፣ ዝሆን ቢከቱበት በረዶ ሆኖ ይወጣል።

የሰዒዳ ልጅ ጀነት ስትሞት የስምንት ወር ሕፃን ነበረች። አንገቷ አብጦ፣ ጉሮሮዋን ግራጫ ነገር ደፍኖት፣ ትንፋሽ አጥሯት ሞተች። ሐኪሞቹ «ዲፍቴሪያ» አሉት፤ አባቶቻችን ዘጊ አነዳ የሚሉት ነው። ጉዱ ግን ጀነት የዚህን በሽታ ክትባት ሦስቴ ወስዳለች መባሉ ነበር።

የሰዒዳ አማት ሀዲጃ ከቀብር መልስ እሪ አለች።

«ትኩሳት ያመጣል ብላ ደብቃት ነው! ልጄ ይፍታት፤ የቀረውንም ልጅ ትታ ትውጣ!»

ከከሚሴ የበሽታ መርማሪው ኢርፋን መጣ። ዝምታ የሚያበዛ ቀጭን ሰው ነው፤ ብልህ ነው፤ ያለ እኔ ግን የሰፈሩን መግቢያ እንኳ ባላገኘ! መጀመሪያ ሰዒዳን ጠየቃት።

«እህቴ፣ የት ላይ ነው የተወጋችው?»

«ጭኗ ላይ። ሦስቴም የያዝኳት እኔ ነኝ። ሦስቴም አልቅሳለች፤ እኔም አብሬያት።»

ቀጥሎ የጤና ኬላዋን ሠራተኛ ነኢማን ጠራት።

«ወግቻታለሁ! ውኃ ወጋች የሚለኝ ካለ ፊት ለፊቴ ይምጣ!»

«በዚያው ክትባት ሌላ ማንን ከተብሽ?»

«የሰፈሩን ሕፃን ሁሉ።»

የኢርፋን ፊት ጠቆረ። «እንግዲያው መቸኮል ያለብን ለሞተችው አይደለም» አለ። በዚያው ጠዋት ሌላ ሕፃን ጉሮሮውን ታሞ ነበር።

ሁላችንንም የሰበሰበን በእኔ ሱቅ ነው። ከሱቄ የሰፋ አዳራሽ በዞኑ የት ይገኛል! የዚያኑ ክትባት ሁለት ብልቃጥ አወጣ፤ አንዱን ከከሚሴ ያመጣውን፣ አንዱን ከነኢማ ፍሪጅ የተረፈውን። ሁለቱንም እኩል ነቅንቆ ባንኮኒዬ ላይ አቆማቸው። የከሚሴው እንደ ወተት ደፍርሶ ቆየ። የነኢማው ግን ፍርፋሪው ታች ዘቀጠ፣ ላዩ ጥርት ያለ ውኃ ሆነ።

«ያ ረቢ!» አለች ሀዲጃ።

«ይህ ክትባት በረዶ ሠርቶ ነበር» አለ ኢርፋን። «ሲቀልጥ ደህና ይመስላል፤ ኃይሉ ግን ሄዷል። በዚህ በቆላችን ሁሉም የሚፈራው ሙቀትን ነው፤ ብርድ ያበላሻል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሰዒዳ ልጇን አልደበቀችም። ነኢማም ውኃ አልወጋችም። ልጆቹ ዛሬውኑ እንደገና ይከተባሉ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ የነኢማን ፍሪጅ አይቼዋለሁ፣ እንዲህ አያቀዘቅዝም። ጀነት መከተብ ከመጀመሯ በፊት፣ መብራት ጠፍቶ በሰነበተ ጊዜ ክትባቱ የት ነበር?»

ነኢማ ወደ እኔ አየችና አንገቷን ደፋች። እኔም መርማሪውን ከድካም ላሳርፈው ብዬ ቶሎ መለስኩ።

«የት ይሆናል፣ እዚያው ኬላው ውስጥ ነዋ! በዓይኔ አይቻለሁ። ይህቺ ልጅ በረዶ ጠቅጥቃበት ይሆናል እንጂ!»

ኢርፋን ዓይኑን ሰዒዳ ላይ አሳረፈ።

«ጋሽ ሙሀመድኑር» አለች ሰዒዳ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፤ «ኬላው ውስጥ አልነበረም። የክትባቱን ሳጥን ከነኢማ ጋር ይዘን እዚህ መጣን፤ ጀነትን አዝያት ነበር። ጄኔሬተር አለኝ ያሉን እርስዎ ነዎት። ነኢማ ላይ ከለስላሳው ጋር ይበቃዋል ስትል፣ ‹የልጆች ነገር ነው፣ ይጠንክር› ብለው ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከታች ከበረዶው ጋር ከተቱት።»

ነጠላዋን ሳብ አደረገች።

«እኔ እኮ መርቄዎት ነው የሄድኩት።»