የወይዘሮ ሳፋ

ርእሰ መምህሩ ካርታውን በሁለት ጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው፣ ከራሳቸው አርቀው ዘረጉት። በሸራ ላይ የተለጠፈ፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር እኩል ያረጀ የዓለም ካርታ ነበር። ከታችኛው ጠርዝ እስከ ውቅያኖሱ አጋማሽ ድረስ ቢጫ እድፍ ሠርጎበታል። ምን እንደ ሆነ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ሽታው ለሁሉም ነግሯል።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አሉ ርእሰ መምህሩ። «ቀድሜ ብዬ ነበር፣ እትዬ።»

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወደ ካርታው ቀረቡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ናቸው፤ ተማሪዎች ከጀርባቸው «እትዬ ዝምታ» ይሏቸዋል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው እድፉን መረመሩ፤ ከዚያም ወደ ሁለቱ ልጃገረዶች ዞሩ።

ሁለቱም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችና የቤተ መጻሕፍቱ ረዳቶች ናቸው። አንደኛዋ ከምትናገረው የምትውጠው ስለሚበዛ «ጭምት» ትባላለች። ሁለተኛዋን፣ ምላሷ ጤፍ የሚቆላውን፣ ክፍሉ በሙሉ «ራዲዮ» ይላታል።

«የዚህ ሳምንት ተረኛ ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ እትዬ።

«እኔ ነኝ» አለች ጭምት።

«የድመቷ መጸዳጃ ሳፋ ጠዋትና ማታ ይጸዳ ነበር?»

ጭምት አፏን ከፍታ ቀረች። ራዲዮ ቀደመቻት።

«በደንብ ነዋ፣ እትዬ። አብሬያት ነበርኩ። ትናንት እንኳን ጭልፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ሦስቴ ነው የታጠብኩት።»

እትዬ ዐይናቸውን ከጭምት ላይ አላነሡም። ጭምት መሬት መሬቱን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ለማንኛውም ሳፋውን ሄደን ብናየውስ?» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«አያስፈልግም» አሉ እትዬ። «ጠይቄ ተመልሶልኛል። መልስ ተቀብሎ ከጀርባ መፈተሽ ሰውን ውሸታም ማለት ነው፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ እስከ ዛሬ አልዋሹኝም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ሳፋው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ካርታ ላይ ከሸናች ጥፋቱ የእርሷ ነው። ተከራክሬ የማቆያት ምክንያት የለኝም።»

«እንግዲያው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ በአሥር ሰዓት በካርቶን ይወስዳታል። ከከተማ ወጣ ብሎ የእህል መጋዘን አለ፤ አይጥ የሚይዝ ይፈልጋሉ።»

«እዚያ ውሾች የሉም?» አለች ራዲዮ።

«አሉ» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ ካርታውን በጥንቃቄ እየጠቀለሉ።

ድመቷ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የመጣችው ከሁለት ወር በፊት፣ አይጦች ትልቁን መዝገበ ቃላት ከ«ሀ» ጀምረው እስከ «መ» ድረስ «አንብበው» በጨረሱበት ሰሞን ነበር። አመድማ ነበረች። እትዬ ከቅርጫት ሲያወጧት አልሸሸችም፤ በንባብ ጠረጴዛዎቹ መካከል፣ ግራና ቀኝ ሳትል፣ እየተንጎማለለች አለፈች። «ወይዘሮ ገቡ፤ ተነሡ» አለች ራዲዮ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ወይዘሮ ሆነ።

ማስተማሩን የያዙት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወይዘሮ በትንሿ የካርታ ክፍል ብቻ እንድትቆይ አደረጉ። ሳፋውን ሰው በማይበዛበት ጥግ፣ ምግቧን ከእርሱ ርቆ በተቃራኒው ጥግ አኖሩ። «በምትበይበት አጠገብ መጸዳጃ ቢሠሩልሽ ትወጂያለሽ?» አሉ ራዲዮን። አሸዋው ተነፍቶ በአራት ጣት ውፍረት ተሞላ። ከበላችና ከእንቅልፏ ከነቃች በኋላ አንሥቶ እዚያ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ዘወር ማለት ነው። «አታፍጥጡባት። እናንተም ሽንት ቤት ስትገቡ ታዳሚ አትፈልጉም።» ብትሳሳት መምታት የለም፤ አፍንጫዋን እዚያ ላይ መንከር የለም። «በዚያ የምትማረው እናንተን መፍራት ነው። ሳፋውን መጠቀም አይደለም።»

ቆሻሻው ጠዋትና ማታ በባለ ቀዳዳ ጭልፋ ይወጣል። በሳምንት አንድ ጊዜ አሸዋው በሙሉ ይለወጣል፤ ሳፋው በሙቅ ውሃና በተራ ሳሙና ይታጠባል። በረኪና ፈጽሞ አይገባበትም፤ ሽቶም እንዲሁ። «ለእናንተ መዓዛ የሆነው ለእርሷ አፍንጫ ጥፊ ነው።»

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ ምሳዋን በልታ፣ ማንም ሳይሸከማት ወደ ጥጉ ሄደች። ልጃገረዶቹ ከመደርደሪያው ጀርባ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱ። አሸዋውን አሸተተች። በፊት እግሯ ጉድጓድ ማሰች፤ መረመረችው፤ ያልወደደችው ይመስል ትታው ሌላ ማሰች። ጅራቷን አቅንታ፣ ዐይኗን ሩቅ ቦታ ላይ ተክላ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላ ተቀመጠች። ሲያበቃ ዞራ አሸዋ መለሰችበት፤ አሸተተች፤ ጥቂት ጨመረችበት፤ ደግማ አሸተተች። ከጠርዙ ውጭ የተፈናጠረውን ሳይቀር ወደ ውስጥ ለመሰብሰብ ሞከረች። ጭምት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሰውም ላይ አይታ አታውቅም ነበር።

«ማንም አላዘዛትም» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «የሚያያት ያለም አይመስላትም። አሠራሯን ግን እዩት።»

ጭምት ያን ቀን ያደረባትን አድናቆት ለማንም አልተናገረችም፤ የተራዋን ሳምንት ግን በጉጉት ትጠብቅ ነበር። ያም ሆኖ ዛሬ ዐርብ ነው፤ ሳፋውን ከማክሰኞ ወዲህ አላጸዳችውም። ዐርብ ጠዋት የሒሳብ ፈተና ነበረና ማክሰኞ «ነገ» አለች። ረቡዕም «ነገ» አለች። ሐሙስ ማታ ሽታው ከካርታ ክፍሉ መጋረጃ አልፎ ሲወጣ፣ ጭልፋ ለማንሣት ጊዜ የለኝም ብላ፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ መደርደሪያ ሽታ ያለው በረኪና አምጥታ ከላይ አፈሰሰችበት። ራዲዮ አፍንጫዋን ይዛ ስቃ ነበር። «ወይዘሮ ለሠርግ ተቀቡ» ብላ።

በምሳ ዕረፍት ሁለቱ በደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» አለች ራዲዮ። «ተርፈናል እኮ።»

«እሷ አልተረፈችም።»

«ድመት ናት እኮ። የትም ብትጥያት በእግሯ ነው የምታርፈው።»

«ውሾች አሉ ብለዋል።»

«አታካብጂ በናትሽ።»

ጭምት የደረጃውን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቀች። «ለምን ዋሸሽ?»

«ለማን ብዬ ይመስልሻል? ዓሣ ይመስል አፍሽን ከፍተሽ ቆመሽ። ዝም ብዬ ላስበላሽ? አመሰግናለሁ ማለት የአባት ነው።»

«ዋሺልኝ አላልኩሽም።»

«አንቺስ ራስሽን አልነቀነቅሽም?» አለች ራዲዮ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ። ባለፈው ወር የውሸት የሐኪም ወረቀት ያመጣሁ ጊዜ ርእሰ መምህሩ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ። አንድ ውሸት ብትደግሚ አባትሽን ይዘሽ ነው የምትመጪው ብለዋል። አባቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ጭምት ታውቃቸዋለች። የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሲቆጡ አይጮኹም፤ ለሳምንታት ያኮርፋሉ። ራዲዮ በቤቷ ውስጥ የምትፈራው ነገር ቢኖር ያ ኩርፊያ ነው። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ናቸውና ይህን ከጭምት በቀር የሚያውቅ የለም።

«ሄደሽ ሳፋውን አጽጂው» አለች ራዲዮ። «ድንገት እትዬ ቢያዩት እንኳ ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል። አለቀ። ማን ያውቃል?»

የካርታው ክፍል ጸጥ ብሏል። ወይዘሮ በጥጉ፣ ከሳፋው አንድ ክንድ ርቃ ቆማለች። ጭምት ስትገባ ዘወር ብላ አየቻትና ወደ ጉዳይዋ ተመለሰች። ወደ ሳፋው ተጠጋች፤ አሸተተች፤ ራሷን ወደ ኋላ ሳበች። አንድ እግሯን አሸዋው ላይ አኖረች፤ ወዲያው አንሥታ አራገፈችው። በሌላው ጎን ዞራ ሞከረች። መግባት አልቻለችም። በመጨረሻ ከሳፋው ውጭ፣ ባዶው ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ጥፍሮቿ ሲሚንቶውን እየቧጠጡ፣ የሌለ አሸዋ ወደ ሽታው ትገፋ ጀመር። የራሷ ያልሆነውን ጥፋት ለመሸፈን ስትደክም ጭምት ቆማ አየቻት።

ጭልፋውንና ከረጢቱን አነሣች። የመጀመሪያውን ጭልፋ ዘግና ወደ ከረጢቱ ጣለች፤ ሁለተኛውን ደገመች። ሥራው ቀላል ነበር። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በሦስት ቀናት ውስጥ ይህን ሩብ ሰዓት ማጣቷ ራሷን አስደነቃት።

ሦስተኛውን ዘግና እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሳፋው ከጸዳ ሁሉም ነገር እትዬ እንዳሉት ይሆናል። ንጹሕ ሳፋ፣ እውነተኛ ልጆች፣ አመሏን ያልረሳች ድመት። ለወይዘሮ የሚመሰክርላት ነገር ቢኖር ይህ የቆሸሸ አሸዋ ብቻ ነው፤ እርሱንም እያንዳንዷ ጭልፋ እየቀነሰችው ነው።

ጭምት ጭልፋውን መልሳ ገለበጠችው። ከረጢቱንም አንሥታ ያወጣችውን በሙሉ ወደ ሳፋው መለሰች። ከዚያም እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋውን በሁለት እጇ አነሣችው።

ኮሪደሩ በተማሪ ተሞልቶ ነበር። «ኧረ ምንድን ነው እሱ?» አለ አንዱ ወደ ግድግዳው እየተጣበቀ። «የሒሳብ ውጤቷ ነው» አለ ሌላው፤ ሳቅ ሆነ። ጭምት ፊቷ እሳት እስኪመስል ቢቀላም እርምጃዋን አልለወጠችም፤ ብትፈጥን አሸዋው ይፈስሳል።

ራዲዮ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ በር አጠገብ አገኘቻት።

«ጭምት፣ ተይ።»

«ስላንቺ ሄጄ አልናገርም» አለች ጭምት። «የማወራው ስለ ራሴ ነው። ከጠየቁኝ ግን ደግሜ አልዋሽም።»

«ያው ነው እኮ። መጠየቃቸው አይቀርም።»

«አውቃለሁ።»

ራዲዮ ሳፋውን አየች፤ የጓደኛዋን የሚንቀጠቀጡ ክንዶች አየች።

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

ራዲዮ አላገዘቻትም፤ ጥላትም አልሄደችም። የጓደኛዋ ሁለት እጆች መያዛቸውን አስተውላ፣ በሩን አንኳኳችላትና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አኑሮ በመቀስ ጫፍ የአየር ቀዳዳ ይበሳል። ርእሰ መምህሩ ስልክ ይዘዋል። እትዬ በመስኮቱ አጠገብ ካርታውን ዘርግተው በእርጥብ ጨርቅ ይጠራርጋሉ። ሦስቱም ቀና አሉ። ርእሰ መምህሩ ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

ጭምት ሳፋውን ከእትዬ እግር አጠገብ ወለሉ ላይ አኖረችና ቀጥ ብላ ቆመች።

«አላጸዳሁትም» አለች። «ከማክሰኞ ጀምሬ ልንገርዎት።»