ሦስተኛው እንፋሎት

ቀረብ በሉ። መብራቱ ዛሬም ሄዷል፤ ሻማዋም ብዙ አትቆይም። በሩን ዝጉት፤ ጋቢውን ተካፈሉት። ድምፃችሁን ብቻ ቀንሱልኝ።

«እትዬ ማዕዶት፣ ጋሼ አጥናፉ አይመጣም እንዴ?»

እሱ ጓሮ ነው። ቅዳሜ አይደል? ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያች የሳንቃ ክፍሉ እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ተዉት። እኔ የማወጋችሁን ስሙ። እውነት ነው ብዬ አልምልም፤ ውሸት ነው ብዬም አልምልም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ያላወጋሁት ነው። ፊቴ በደንብ በማይታይበት ጨለማ ካልሆነም አላወጋውም።

ሰዓቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። መንገዱ የጫካ መንገድ ነው። ግራው ዛፍ፣ ቀኙ ዛፍ፣ ከዛፉ ማዶ ሐይቅ። ሰው የለም። ውሻ እንኳ የለም። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሁለት ብስክሌት ይሄዳሉ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ፀሐይዋ ደግሞ አልጠለቀችም።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ፀሐይ? አዎ። አገሩ ፊንላንድ ነው። በዚያ አገር በሰኔና በሐምሌ አይመሽም። ጨለማ ከሌለ መንፈስም የለም ትላላችሁ? እናቶቻችን በቀትር ብቻችሁን ወንዝ አትውረዱ የሚሉን ታዲያ ለምን ይመስላችኋል? መንፈስ ብርሃን አይፈራም። የሚፈልገው ሰው የሌለበትን ሰዓት ነው።

ሴትዮዋን ስንዱ እንበላት። ባሏን ሲራክ እንበለው።

ስንዱ የተማረች ናት። ለትምህርት ሄዳ፣ እዚያው ሥራ ይዛ፣ ስድስት ዓመት ቆይታለች፤ የአገሩን ቋንቋ አቀላጥፋ ትናገራለች። ሲራክ ግን ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ነው። እዚህ እያለ ምን ዓይነት ሰው ነበር መሰላችሁ? ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣሉ የሚጠራው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ ያስቃል። ታክሲ ከተሳፈረ እስኪወርድ ድረስ ስሙን ያልጠየቀው ተሳፋሪ አይቀርም። ያ ሰው ፊንላንድ ሲገባ ምላሱ ተቆለፈ። ቁልፉ ሚስቱ እጅ ነበር።

ምን አለ? ምን አለች? ምን አሉ? ከጠዋት እስከ ማታ ይኸው ነው።

በዚያው በሐምሌ ዕረፍት ወጥተው፣ መኪናም ቤትም የሆነ ነገር ተከራዩ። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መፀዳጃ አለው። ከኋላው ሁለት ብስክሌት ይታሰርበታል። አገር እናያለን ብለው ወደ ሰሜን ነዱ። ዕረፍት የተባለው ለስሙ ነው። የመፀዳጃው ሳጥን ሲሞላ የምትደፋው ስንዱ ናት፤ ለምን ቢሉ፣ የት እንደሚደፋ የተጻፈውን ማንበብ የምትችለው እሷ ናት። መንገድ ሲስቱ ጥፋቱ የስንዱ ነው፤ ለምን ቢሉ፣ ምልክቱን ቶሎ አላነበበችለትም። አንድ ቀን የሲራክ ብስክሌት ካቴናው ወለቀ። አንድ ሽማግሌ ቆመው እየሳቁ አስተካከሉለት። ሽማግሌው ገና ፊታቸውን ሳያዞሩ ሲራክ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ካቴናህ አርጅቷል አሉ።»

«ይህን ሁሉ ስቀው፣ ካቴናህ አርጅቷል ብቻ?»

«አንተም አርጅተሃል ብለዋል። አሁን ደስ አለህ?»

በዚያ ላይ ትንኙ። በዚያ ላይ የማይመሸው ቀን። መጋረጃ ቢጋርዱ ፀሐይ በስንጥቅ ትገባለች። ትራስ ፊቷ ላይ ብትደፋ ሲራክ ከጎኗ «ተኛሽ?» ይላል። ቀን ሙሉ ከማንም ጋር ሳያወራ የዋለ ሰው ሌሊት ማውራት ያምረዋል። ስንዱ በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ ጠግባ አልተኛችም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ክፉ ይሆናል። ደግ ሰውም ቢሆን ክፉ ይሆናል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአንዲት የሐይቅ ዳር መንደር ደረሱ። የመንደሯን ስም አልነግራችሁም። ሂልካ የሚባሉ አሮጊት መኪናቸውን ግቢያቸው ውስጥ እንዲያቆሙ ፈቀዱላቸው። ደግ ሴት ናቸው። ሳውናዬን ላንድድላችሁ አሉ።

ሳውና ስል እዚህ ሆቴል ውስጥ ያለው እንዳይመስላችሁ። ሐይቁ ጫፍ ላይ ብቻዋን የቆመች፣ በጭስ የጠቆረች የግንድ ጎጆ ናት። ውስጧ ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ድንጋዩ ሲግል ውሃ ይደፉበታል። ቸስስ ይላል። እንፋሎቱ ይነሣል። ከዚያ ይወጣሉ፣ ሐይቅ ውስጥ ይነከራሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ።

«ራቁታቸውን ነው አሉ፣ እትዬ!»

ፎጣ ነበራቸው። ዝም በይ አንቺ! ልጨርስበት።

እማማ ሂልካ ከጎጆዋ ደጃፍ ቆመው ረጅም ነገር ተናገሩ። «ልጄ፣» አሏት ስንዱን፣ «ሁለት ጊዜ ግቡ። ሁለቱ እንፋሎት የሰው ነው። ሦስተኛው የሰው አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው። ባለቤቱን እኔ አይቼው አላውቅም፤ አያቴም አላየውም። ግን ሁላችንም ሦስተኛውን ለእሱ ትተን ነው የኖርነው። ባልዲው ውስጥ ውሃ አስቀሩለት። አመስግኑና በሩን ዝጉ። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይገባ። ለባልሽ ንገሪው።»

ሲራክ ዞር አለ። «እማማ ምን አሉ?»

ዘጠኝ ቀን። እስቲ እናንተ በእሷ ቦታ ሁኑ። ዘጠኝ ቀን ያለ እንቅልፍ።

«ምንም። ደስ ይበላችሁ ነው ያሉት።»

«ያን ሁሉ አውርተው?»

«ያን ሁሉ አውርተው።»

አሮጊቷ ስንዱን ዓይን ዓይኗን አዩአት። «ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

በአንድ አፍታ ግራና ቀኝ ዋሸች። ለባሏም ለአሮጊቷም። እማማ ሂልካ እንጨቱን አቀጣጥለው፣ ከጉብታው ማዶ ወዳለው ቤታቸው ለመኝታ ሄዱ።

ድንጋዩ እስኪግል ባልና ሚስቱ ሐይቁን በብስክሌት ዞሩ። ይኸው ወደዚያ መንገድ ተመለስን። ከምሽቱ አምስት ሰዓት። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ስንዱ የባሏን ጀርባ እያየች ትነዳለች፤ ያ ጀርባ ራሱ ያበሳጫታል። ድንገት ዓይኗ መሬት ላይ አረፈ። አሸዋው ላይ የሰው ኮቴ አለ። ባዶ እግር ነው። እርጥብ ነው። ወደ ሳውናው ይሄዳል፤ የሚመለስ ግን የለም። ሲዋኝ የነበረ ሰው ነው አለች በልቧ። ኮቴው ግን ከሐይቁ አልወጣም። ከጫካው ነው የመጣው። ደረቅ ጫካ ውስጥ የሰው እግር ምን ያረጥበዋል?

ለሲራክ ነገረችው? አልነገረችውም። ስትነግረው ነው የከረመችው፤ መንገር ሰልችቷታል።

ገቡ። ሲራክ ውሃ ደፋ። ቸስስ። አንድ። ጥሩ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። ሲራክ ዓይኑን ጨፍኖ ማንጎራጎር ጀመረ። ስንዱ ግን ከላይኛው መቀመጫ ጥግ ላይ ሰው ተቀምጦ የተነሣበት የሚመስል እርጥብ ቦታ አየች። በዚያ ሙቀት ሁሉም ነገር ይደርቃል። ያ ቦታ ግን አይደርቅም።

ወጡ፤ ሐይቅ ውስጥ ተነክረው ተመለሱ። ጭልፋውን ባልዲው ውስጥ ትተውት ነበር። አሁን ከእርጥቡ ቦታ አጠገብ ተቀምጧል።

«አንተ ነህ እዚያ ያኖርከው?»

«እኔ ምን በወጣኝ?»

ውሃ ደፋ። ቸስስ። ሁለት። ስንዱ ትንፋሽ አዳመጠች። አንዱ የእሷ ነው። አንዱ የእሱ ነው። ከጥጉ ደግሞ ሌላ ትንፋሽ ይመጣል፤ ቀስ ያለ፣ ተራ የሚጠብቅ ሰው ትንፋሽ።

ተነሣች። «በቃ፣ እንውጣ።»

«አጥንቴ እኮ ገና አሁን ነው የተፈታው!»

«ሲራክ፣ በቃ አልኩህ።»

«ምን አድርጌሽ ነው? እዚህ አገር ከመጣሁ አስተርጓሚ ሳልፈልግ ደስ ያለኝ ይህ አንድ ነገር ነው። ድንጋይና ውሃ ቋንቋ አይጠይቀኝም። ይህንንም ልትነጥቂኝ ነው?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ለመንገር ግን አስቀድማ «ዋሽቼህ ነበር» ማለት አለባት። አፏን መልሳ ገጠመች። ወጣች፤ በሩን ዘጋች፤ ደጃፉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ትንኙ ይበላታል። ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ቆማ ታያታለች።

ከውስጥ፣ ቸስስስ።

ሦስት።

«አንቺ!» አለ ሲራክ። «ተመልሰሽ ገባሽ እንዴ?»

እሷ እኮ ከበሩ አጠገብ ነው ያለችው። በሩ አልተከፈተም። ማን ሊገባ ይችላል?

«አንቺ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ። እያናገረኝ ነው። ምን እያለ ነው?»

እሷም ሰማችው። የሽማግሌ ድምፅ ነው። ቁጣ የለበትም። በአገሩ ቋንቋ «ተራዬን የወሰደው ማን ነው?» ይላል።

«የኔ እመቤት፣ ምን እያለ ነው? ምን ልበለው?»

ያ ድምፅ ቀጠለ። «ይህ ሰው ቋንቋዬን አያውቅም። የሚነግርለት ሰው የለውም?»

የለውም? ነበረው እንጂ! ከአንድ ሳንቃ ወዲህ ተቀምጣ ነበር። ይቅርታ ጠይቅና ውጣ። ሦስት ቃል ነው። ለምን አልተናገረችም? ፈርቼ ነው ብትል ደስ ባላት። መጀመሪያ ግን ፍርሃት አልነበረም። መጀመሪያ በልቧ ያለችው «አንድ ቀን እንኳ ራሱ ይወጣው» ነው። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አፏ እምቢ አላት።

ሲራክ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም።

በሩ ተከፈተ። ወጣ። ከዚያ ሁሉ ሙቀት ወጥቶ አንድ ጠብታ ላብ የለበትም። እጇን ሲይዛት እጁ የጉድጓድ ውሃ ነው። ፈገግ አለና በአገሩ ቋንቋ፣ አንዲት ቃል ሳይሰብር፣ «ስለ እንፋሎቱ አመሰግናለሁ» አላት።

ስንዱ በትከሻው በኩል ወደ ውስጥ አየች። ጥጉ ላይ የነበረው እርጥብ ቦታ ደርቋል። አሁን እርጥብ የሆነው ሲራክ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ ነው።

በማግስቱ እማማ ሂልካ ሊሰናበቷቸው መጡ። ሰውዬው ሰላም አላቸው። አወራቸው። ስለ ዓሣው፣ ስለ ድሮው ብርድ አወራቸው። የአሮጊቷ ፊት እየነጣ ሄደ። ስንዱን ወደ ጎን ሳቧት።

«ባልሽ የሚናገረው በአያቴ አነጋገር ነው። ዛሬ እንዲያ የሚናገር ሰው የለም።» ቀጥለውም፣ «ነገርኩት ብለሽኝ ነበር» አሏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ሰው «ምን አሉ?» ብሏት አያውቅም። የተመኘችውን ዝምታ አገኘች። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አገኘች። ይሻለዋል ብላ ወደ አገሩ መለሰችው። አማርኛውን እንደ እንግዳ እየመረጠ ይናገራል። ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ማንንም አያስቅም። ጓሮው ውስጥ የሳንቃ ክፍል ሠራ። ድንጋይ ከመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ያነድዳል።

እርስ በርስ አትተያዩ። አዎ። ስንዱ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ሲራክ ያልኳችሁ አጥናፉ ነው። ወይም አጥናፉን የመሰለው ነው። ስም የቀየርኩት አፍሬ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁልጊዜ የሚደፋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ይተወዋል። ለማን እንደሚተወው አላውቅም እያልኩ ኖሬያለሁ። አውቃለሁ። ሄጄ ለመስማት ድፍረት አጥቼ ነው።

ጸጥ በሉ።

ቸስስ። ሰማችሁ? አንድ ነው።

ቸስስ። ሁለት። አሁን በሩን ይዘጋል። ይኸው ዘጋው። ኮቴው በመስኮቱ ሥር አለፈ። ወደ መኝታ ቤቱ ገባ፤ አልጋው ሲንቋቋ ሰማችሁት አይደል? እንግዲህ ጓሮ ማንም የለም። ማንም...

ቸስስስ።

ማን ነው የደፋው? አትጩሁ! አንቺ፣ አፍሽን ያዢ! ስሙ። ከጓሮ ነው። በአማርኛ ነው። የድሮው ድምፁ ነው።

«ማዕዶት! የኔ እመቤት! እማማ ምን አሉ?»

መጣሁ፣ አጥናፉ! ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ አንዲት ቃል አላስቀርም! ሻማውን አንሡልኝ። እጄን ያዙኝ፣ ሁላችሁም ያዙኝ። በዚህ ሰዓት ወደዚያ ማንም ብቻውን አይሄድም።