የወፍራሙ መጽሐፍ መጨረሻ

«መጨረሻው ላይማ አለቀስኩ» አለች ቀጮ፣ የክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። «ጀልባ ቀዛፊው ሸምግሏል። ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው ይጣራል፤ ሄዶ ያሳፍረዋል። ወንድሙ ነው፣ ያ ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቀው። ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም። ወንዙ መሃል ሲደርሱ ወንድምየው ቀስ ብሎ ሁለተኛውን መቅዘፊያ ያነሳል። በቃ፣ አለቀ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በሁሉም ነገር የሚያሾፈው ልጅ እንኳን አፉን ዘጋ። ከቀጮ አጠገብ የቆመችው ጓደኛዋም ጸጥ ብላለች፤ የእሷ ዝምታ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። ቀጮ የምታወራለት ያ ወፍራም መጽሐፍ አሁን እሷ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ትናንት አንብባ እስከ መጨረሻው ገጽ ደርሳለች፤ ችግሩ መጽሐፉ መጨረሻ የለውም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ «ቀዛፊውም ድምፁን በሰማ ጊዜ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የተገነጠለ ወረቀት ርዝራዥ ብቻ ነው። ታዲያ ቀጮ የሌለውን ገጽ በምን ዓይኗ አነበበችው?

ይቺ መጽሐፉን የያዘችው ጓደኛዋ ቤት ውስጥ መርማሪ ነው የምትባለው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የነበረውን ጭማቂ ማን እንደጠጣው ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ከቀረው የከንፈር ምልክት አውቃ ካጋለጠችው ቀን ጀምሮ። ስሙ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏት መጣ፤ እሷም አልጠላችውም። መጠርጠር ይሆንላታል። ሰው «እውነቴን ነው» ብሎ ወሬ ከጀመረ እሷ እዚያው ጆሮዋን ታቆማለች።

የመጽሐፉን ነገር ያመጡት የቋንቋ መምህሩ ናቸው። ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ የሚያነባቸው አሥር መጻሕፍት እንዲመረጡ አዘዙ፤ አምስቱ አያቶቻችን የሚያውቋቸው የቆዩ፣ አምስቱ በቅርብ የወጡ። ለምን ቅልቅል እንደሆነ ሲያስረዱ ደወል ስለተደወለ ግማሹን ማንም አልሰማም። ሕጉን ግን ሁሉም ሰምቷል። መራጮቹ ሁለት ናቸው፣ መርማሪና ቀጮ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ስም ትይዩ ሁለቱም «ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ» ብለው ይፈርማሉ፤ ሰኞ መምህሩ እየጠየቁ ያጣራሉ። አንዲት ፊርማ ውሸት ሆና ከተገኘች ዝርዝሩ በሙሉ ተሰርዞ ክፍሉ ወደ አምናው ዝርዝር ይመለሳል። የአምናውን ዝርዝር ይዞ ያላንቀላፋ ልጅ አልነበረም። አርባ ሁለት ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሲያዛጋ መርማሪን ታያት፤ ጣቱን ሁሉ ወደ እሷ ሲቀስርም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ከአዲሶቹ መካከል ሰማያዊ ሽፋን ያላት አንዲት ስስ መጽሐፍ አለች። መርማሪ የመጀመሪያውን ምዕራፍና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አንብባ ፈርማባታለች፤ መሃሉ ያው ነው ብላ። ከፈረመች በኋላ ደግሞ ጭራሽ ረሳችው። የቀጮ ነገር ግን ከሆዷ አልወጣ አለ።

ማሰብ ጀመረች። ቀጮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብላ ታይታ አታውቅም። የመጨረሻው ደወል ሲደወል የሚያባርራት ያለ ይመስል ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በእረፍት ሰዓት ገመድ ስትዘል እንጂ መጽሐፍ ስትገልጥ ያያት የለም። አዲሶቹንስ እሺ፣ ፊደላቸውም ትልልቅ፣ ወሬያቸውም ፈጣን ነው። እነዚያን ገጻቸው የወየበ፣ ፊደላቸው ጉንዳን የሚያካክል አሮጌ መጻሕፍት ግን አንድ በአንድ «አንብቤዋለሁ፣ ይግባ» እያለች ፈረመች። መርማሪ እንኳን «ትንሽ ፋራ አልሆነም?» ብላ ስትከራከር ቀጮ ነበረች ሽንጧን ገትራ የተሟገተችላቸው።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መርማሪ መጽሐፉን ይዛ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። ሠራተኛዋ መጽሐፉን ገልብጠው ካርዱን አሳዩዋት፤ ቀጮ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ወስዳው ነበር። ገጾቹን ማን እንደገነጠለ ስትጠይቃቸው ሳቁ። እሳቸው ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ መጽሐፉ ጭራ እንደሌለው፣ ሌላ ቅጂ ፈልገው ፈልገው እንዳጡ ነገሯት። ስለዚህ ቀጮ አልገነጠለችውም። ስለዚህ ደግሞ ቀጮ ዋሽታለች።

መርማሪ ቆሽቷ አረረ። የዝርዝሩ መሰረዝ ብቻ አይደለም ያናደዳት። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እርሳስ ለሁለት ሰብረው ተካፍለዋል። ሌላውን ትሸውድ፣ እኔንም?

ከምሳ በኋላ ወጥመድ አጠመደች። ከአሮጌዎቹ መካከል ስለ አንድ ፖስተኛ የሚያወራ መጽሐፍ አለ፤ መርማሪ በደንብ አንብባዋለች። እንደ ዋዛ አድርጋ፣ ፖስተኛው ቤት ያለችው አንካሳ ድመት እንዴት እንደምታሳዝን አወራች። ድመት የሚባል ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ቀጮ ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ድመት? ውሻ ነው ያለው፣ እሱም ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይሞታል። አንቺ ግን አንብበሽዋል?»

የመርማሪ ወጥመድ ባዶውን ተመለሰ። ይህን ያወቀች ልጅ ያኛውን መጨረሻ ለምን ፈጠረች? ነገሩ አልዋጥላት አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አዝላ ወደ ቀጮ ቤት ሄደች። ቦርሳው ውስጥ ወፍራሙ መጽሐፍ፣ ሰማያዊዋ መጽሐፍ፣ የፊርማው ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አለ። የቀጮን ፊርማ በገዛ እጇ ልትሰርዝ ነው የመጣችው። ከተጠየቀች «የሒሳብ ደብተር ፈልጌ ነው» ልትል አስባለች። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የስፌት ማሽን ድምፅ ይሰማል፤ በማሽኑ ድምፅ መሃል ደግሞ አንድ ሽማግሌ በቀስታ የሚያነቡት ነገር።

አንገቷን አስግጋ አየች። የቀጮ እናት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መስኮቱ ሥር ማሽናቸው ላይ አጎንብሰዋል። ቀጮ ወለሉ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች፤ አጠገቧ ገና ቁልፍ ያልተተከለላቸው ሸሚዞች እስከ ጉልበቷ ተቆልለዋል። አያቷ ብቸኛው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ሆነው፣ መጽሐፍ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ጮክ ብለው ያነባሉ።

ለካ ቀጮ ከደወሉ በኋላ የምትሮጠው ለዚህ ነው፤ አሮጌዎቹን መጻሕፍትም የምታውቃቸው እንዲህ እየሰማች ነው። መርማሪ እዚያው በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ምነው ቆምሽ፣ ግቢ እንጂ» አሉ እናትየው፣ ከማሽኑ ቀና ሳይሉ። ቀጮ ስታያት ደስም አላት፣ ደነገጠችም። ወዲያው ግን እናቷ አንድ የታጠፈ ቀሚስ አስይዘው ሁለት ቤት አልፎ ላለች ደንበኛ አድርሰሽ ነይ ብለው ላኳት። መርማሪ ከአያትየው አጠገብ በርጩማ ተሰጣት። ሽማግሌው ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ሆነው ሠላሳ አራት ዓመት እንደሠሩ፣ የሰው ስህተት ሲለቅሙ ዓይናቸው እንዳለቀ አጫወቷት። መርማሪ መታገስ አልቻለችም። ወፍራሙን መጽሐፍ አውጥታ የተገነጠለው ቦታ ላይ ገለጠችላቸው።

«አባባ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት አድርገው አነበቡት?»

አያትየው መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸው እንዳልሰማች ለማረጋገጥ ወደ ማሽኑ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተያዝኩ» አሉ። «እዚያች ገጽ ላይ ደርሼ ቀና ስል ልጄ ማሽኑን አቁማለች። ያቺ ጓደኛሽም መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀርታለች። ‹ድምፁን በሰማ ጊዜ› ብዬ ልተዋቸው? ዕድሜ ልኬን በሰው ጽሑፍ ላይ አንዲት ነጥብ ከራሴ ጨምሬ አላውቅም። የዚያን ቀን አንድ ምዕራፍ ጨመርኩ።»

መርማሪ ሳቋ መጣ፤ አንጀቷንም በሏት። ያ መቅዘፊያ፣ ያ ዝምታ፣ ክፍሉን በሙሉ ጸጥ ያሰኘው መጨረሻ የእኚህ ሽማግሌ ነው ማለት ነው።

«ለጓደኛሽ ልትነግሪያት ነው?» አሉ አያትየው። መርማሪ መጽሐፉን ከድና ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። እሳቸውም አላስጨነቋት፤ ይልቅ እሷ ስንቱን መጽሐፍ እንዳነበበች ጠየቋት።

«ሁሉንም» አለች ሳታስበው።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የሰማያዊዋ መጽሐፍ ጫፍ ከቦርሳዋ ብቅ ብሎ ታያት። አያትየው ምንም አላሉም፤ እሷ ግን የሠላሳ አራት ዓመት አራሚ ምን እንደሚያይ ጠረጠረችና ቦርሳዋን ዘጋችው።

ቀጮ ስትመለስ መርማሪ ወደ ውጭ ጠራቻት፤ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ወፍራሙ መጽሐፍ መጨረሻ የለውም» አለች መርማሪ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። እማዬ ማሽን ላይ ስለሆነች አታይም። እኔ ግን አባባ ሲያነቡ እጃቸውን ነው የማየው፤ ሲደክማቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ውሃ እሰጣቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ እንኳን አልገለጡም።» ቀጮ ጣቷ ላይ የቀረውን ክር ፈታችው። «አሮጌዎቹን በሙሉ ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው። ቁልፍ እየተከልኩ ከዳር እስከ ዳር ሰምቻለሁ፤ ከፈለግሽ ጠይቂኝ። ግን መጨረሻው የለም ብዬ ባወራ አባባ ዋሹ ማለት ነዋ። ማን ይለዋል? አንቺ ትያለሽ?»

መርማሪ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ወረቀቱን ይዘሽ እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለች ቀጮ፣ ዓይኗ ቦርሳው ላይ ሆኖ። «ልትሰርዢኝ ከሆነ ሰርዢኝ። አልቀየምሽም።»

መርማሪ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። አሥር መስመር፣ ሃያ ፊርማ። ዓይኗ የቀጮ ፊርማ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ። በሰማያዊዋ መጽሐፍ ስም ትይዩ ካሉት ሁለት ፊርማዎች አንዱን፣ የራሷን፣ በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ያቺን ሚጢጢ?» አለች ቀጮ ዓይኗን አፍጥጣ። «አላነበብሻትም?»

«ዳርና ዳሯን ብቻ።»

ቀጮ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች፣ አልቻለችም። መርማሪም ተከተለቻት፤ ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ እናትየው ከውስጥ ሸሚዞቹን አስታወሱ።

ሳቁ ሲያልቅ የሰኞው ጥያቄ ትዝ አላቸው። መርማሪ ከወፍራሙ መጽሐፍ ስም አጠገብ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ «መጨረሻው ጠፍቷል። ያለውን አንዳችን አንብበናል፣ አንዳችን ሰምተናል» ብላ ጻፈች። መምህሩ ይህን አይተው ምን እንደሚሉ አንዳቸውም አያውቁም። ሊስቁ ይችላሉ፤ ዝርዝሩን በሙሉ ሊሰርዙትም ይችላሉ። ቀጮ እስክሪብቶውን ተቀብላ አነበበችውና ከሥሩ ስሟን ጻፈች።

«ሌሎቹ አሮጌዎች ላይም እንደሰማሁ እጽፋለሁ» አለች፣ ጻፈችም። መርማሪ ዘጠኝ ዓይነት ጥርጣሬ መጣባት፤ ዘጠኙም ስለ መምህሩ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሲገቡ አያትየው መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ከድነው ዓይናቸውን እያሻሹ ነበር። እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ቀጮ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። መርማሪ በርጩማውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋችና ሰማያዊዋን መጽሐፍ አወጣች።

«አባባ፣ ዛሬ እኔ ላንብብ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ወደ ኋላ ተደገፉ። እናትየው ማሽኑን አቀዘቀዙት። መርማሪ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውቀዋለሁ ብላ ልትዘል አሰበች፤ ከዚያ ተወችውና ከአንደኛው መስመር ጀመረች። አፏ መጀመሪያ ላይ ይተሳሰር ነበር፤ እየቆየ ፈታ አለ። ቀጮ ቦታዋ ላይ ተመልሳ ቁልፍ መትከሏን ቀጠለች።

ገጹ ሲያልቅ መርማሪ ጣቷን አርጥባ ገለጠችው። ቀጮ ቀና ብላ እጇን አየቻት።