በሰርቪስ ደረጃ ላይ የተደረገ ርክክብ

አናጢው አራተኛው አልጋ ላይ ሞቶ የተገኘው ረቡዕ ከቀኑ ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። የቆሰለ እግሩን ሊያክሙለት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ትከሻውን ቢነካኩት አልነቃም። ትራሱ በላብ ርሷል። ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ድረስ በጥንቃቄ ተደርቦለታል። ግርጌው ላይ «ምግብ አይሰጠው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ሐኪሙ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልደከመም። ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ኢንሱሊን ተወግቷል፤ ወዲያው ለቀዶ ሕክምናው ሲባል ምሳው ተከለከለ። ስኳሩ ወርዶ ወርዶ ገደለው። የቀረው ጥያቄ ይህን እያወቀ ዝም ያለው ማን ነው የሚለው ነበር።

ለዚህም ወረቀቱ መልስ ይሰጥ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ የተረከበችው አዲሷ ነርስ ሁሉም ነገር እንደተነገራት የሚያሳየው ቅጽ ላይ ፊርማዋ አለ። ከተቀጠረች ሦስት ወሯ ነው። የሥራ ፈቃዷ ሊነጠቅ፣ ፋይሏም ለፖሊስ ሊተላለፍ ተወስኗል፤ የቀረው የጤና ቢሮ መርማሪ ሪፖርት ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ስትደርስ የአዲሷ ነርስ እናት ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጭኗ ላይ ፌስታል አለ፤ ውስጡ ወፍራም ሹራብና የጥርስ ብሩሽ። ማንም እስር ቤት ያላት የለም። እሷ ግን ክፉውን አስቀድማ ካላሰበችው የባሰ የሚመጣ ይመስላታል።

«ልጄን ዛሬ ነው የሚወስዷት?» አለች።

«ሹራቡን ያቆዩት፣ እናቴ። እኔ ገና ማንንም አላነጋገርኩም።»

መርማሪዋ ሃያ ዓመት በነርስነት የሠራች፣ ጉልበቷን የሚያማት ወፍራም ሴት ናት። መጀመሪያ የክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊዋ ቅጹን ከጥቁር ማኅደር ውስጥ አውጥታ ሰጠቻት። «ሰዓት 8:00። በአልጋው አጠገብ ተረካክበናል። በስድስት ሰዓት መርፌ ወስዷል፤ ምሳ አልበላም፤ ቀዶ ሕክምናው ወደ አስር ሰዓት ተዛውሯል፤ ስኳሩ በየግማሽ ሰዓቱ ይለካ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ።

«ሁልጊዜ አልጋው አጠገብ ነው የምትረካከቡት?»

«ሁልጊዜ። ሌሎች ክፍሎች ከእኛ ይማራሉ» አለች ኃላፊዋ። ጠረጴዛዋ ላይ የክፍሉ ብቸኛ ስልክ ተቀምጧል።

ቀጥላ የጠዋት ተረኛዋን ጠራች። ይህች ነርስ ሁልጊዜ ስለምትሮጥ ባልደረቦቿ «ጥድፊያ» ይሏታል። ሁሉንም ለአዲሷ ነግሬያለሁ አለች፤ ጣቶቿ ግን የጋውኗን ቁልፍ እየፈተሉ ነበር።

«የት ቆማችሁ?»

«አልጋው ጋ።»

«አናጢውስ ምን አለ?»

«ማን?»

«አናጢው ነዋ። በራሱ ላይ ሲወራ ምን አለ?»

ጥድፊያ የእጅ ሰዓቷን አይታ ተነሣች።

አዲሷ ነርስ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። የሠራተኞቹ ሰርቪስ የሚገቡትን አምጥቶ የሚወጡትን ይዞ ስለሚሄድ ርክክቡ የሚደረገው በመኪናው ደረጃ ላይ ነው፤ አንዷ ስትወርድ አንዷ ስትወጣ። ጥድፊያም «አራት ለቀዶ ሕክምና ነው፣ ምግብ እንዳትሰጪው» ብላ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ስለ ፊርማው ስትጠየቅ መሬት መሬት እያየች የእኔ ነው ብቻ አለች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አየሁት» አለች። «የተኛ መሰለኝ። ግንባሩን አልቦት ነበር። ጠረግኩለትና ብርድ ልብስ ደረብኩለት።»

የበሩ ዘበኛ መዝገብ ሰርቪሱ 7:58 ገብቶ 8:02 መውጣቱን ያሳያል። ሾፌሩ ጎማውን እየረገጠ ሳቀባት።

«እኔ ሰው ከጠበቅኩ ከተማው እኔን ይጠብቃል? ትናንት ጥድፊያ አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ አዙረው ብላ ለመነችኝ። የሚታጠፈው ምላስ ነው፣ ድልድይ ላይ መኪና አይታጠፍም አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ደወለች። ካወራች በኋላ ቀለል አላትና እንቅልፍ ወሰዳት።»

መርማሪዋ በመጨረሻ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉንም አራተኛው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፍራሹ ተነስቷል፤ ሽቦው ብቻ ቀርቷል። የአናጢው ልጅ የአባቷን ምሳ ዕቃ እንደያዘች ቆማለች። እናትየዋም ሳትጠራ ገብታ በሩን ተደግፋለች።

«ይህ ቅጽ የተሞላው ስምንት ሰዓት ላይ ነው ይላል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ግን ቀዶ ሕክምናው የተቀጠረው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ወደ አስር የተዛወረው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ መቀቀያው ስለተበላሸ ነው። ሐኪሙ ይህን የወሰነው ስምንት ተኩል ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ማን ትንቢት ተናገረ?»

መርማሪዋ ከኃላፊዋ ቢሮ ያመጣችውን ጥቁር ማኅደር ሽቦው ላይ አኖረች።

«ስምንት ተኩል ላይ ጥድፊያ ሰርቪስ ውስጥ ተኝታለች። አዲሷ ደግሞ መርፌውን አታውቅም። ሐኪሙ መዛወሩን የነገረው በክፍሉ ስልክ ነው። ጥድፊያስ ከሰርቪሱ የደወለችው ወዴት ነበር?»

ጥድፊያ ማልቀስ ጀመረች። «ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። እሺ አሉኝ። ከሞተ በኋላ ግን አልጋው ጋ ነግሬያታለሁ ካላልሽ ሁለታችንም እንጠፋለን አሉኝ።»

«ፊርማውስ?» አለች ኃላፊዋ። «ልጅቷ ራሷ አምናለች።»

መርማሪዋ ጥቁሩን ማኅደር ገለጠች። የነገው የዓርብ ቅጽ ወጣ፤ ገና ሳይሞላ ሁለቱም ፊርማ አለበት። የቅዳሜውም እንዲሁ። «የሳምንቱን ባዶ ቅጽ ሰኞ ሰኞ ያስፈርሟቸዋል። አዲስ ሠራተኛ ኃላፊዋን እንዴት ውሸታም ትላለች?»

ኃላፊዋ የአልጋውን ብረት ያዘች። «ልነግራት ነበር። ገጹን ልጨርስ ብዬ ነው። ቁጥጥር ሊመጣ ነበር።»

«ምን ነበር የሚጽፉት?»

«የርክክብ ቅጽ» አለች።

የአናጢው ልጅ ምሳ ዕቃውን ሽቦው ላይ አስቀመጠች። «ሾርባ ነበር» አለች። «አንድ ማንኪያ ብቻ ብሎ ለመነኝ። ወረቀቱን አይቼ እምቢ አልኩት።»

ኃላፊዋና ጥድፊያ ቃላቸውን ሊሰጡ ተወሰዱ። አዲሷ ነርስ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ላቡን ጠረግኩት እኮ» አለች።

«ቢነገርሽ ኖሮ ትለኪው ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሳይነገርሽም መጠየቅ ነበረብሽ። የመጀመሪያውን ሪፖርቴ ላይ እጽፈዋለሁ። ሁለተኛውን አንቺ ይዘሽው ኑሪ። አሁን ተረኛ ነሽ፤ ሂጂ ልበሺ።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰርቪሱ ግቢው ውስጥ ጡሩምባውን ነፋ። ደገመ። ሠለሰ። ማንም አልወጣም። ሾፌሩ አጉረመረመና ሞተሩን አጠፋ።

እናትየዋ አግዳሚው ላይ ፌስታሏን እንደታቀፈች ነበር። ዝምታው አስደነገጣት፤ ሌላ ሰው ሞተ ብላ ብድግ አለች። በበሩ ስታይ ልጇና የምትወጣው ነርስ አንደኛው አልጋ አጠገብ ቆመዋል።

«ምሳ በልተዋል፣ አባባ?» አለች ልጇ።

«ግማሹን» አሉ ሽማግሌው።

ልጇ አጎንብሳ ሳህኑን አየች፤ ከዚያ ጻፈች።