አሚን የተባለለት ድምፅ

«አሚን በሉ!» አለ ስልኩ።

ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ፣ በግድግዳው ጥላ ሥር የተኮለኮሉት ልጆች ግማሹ «አሚን!» ግማሹ «አሜን!» ብለው ተቀበሉ። ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት መግባት ክልክል ስለሆነ ሰብለወንጌል ስልኳን በሒሳብ ደብተር ከልላ ነበር የያዘችው። ሰሚሃ ገና ከሩቅ ስትሰማው ቆመች። ድምፁ የአያቷ የአባባ ኑርዬ ነው።

አባባ ኑርዬ ግን ከሐምሌ ወዲህ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። አንድ ቀን ማለዳ ሱብሂ ሰግደው ሲነሱ ግማሽ ጎናቸውን ያዛቸውና ምላሳቸውም አብሮ ተዘጋ። ይኸው አሁን ኅዳር ነው፤ ውኃ ሲፈልጉ እንኳ በግራ እጃቸው ነው የሚያመለክቱት።

«ሰሚ፣ ነይ ስሚ እንጂ!» አለቻት ጓደኛዋ ሰብለወንጌል። «ሳይታመሙ በፊት የቀረጹት ነው አሉ። ‹ሐይቅ ዛሬ› ገጽ ላይ ነው የወጣው። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል!»

ሰሚሃ ጠጋ አለች። «እንግዳ አትመልሱ» ይላል ድምፁ፣ «ዳርቻውን ለድርጅቱ ልቀቁ፤ ልጆቻችሁ ወግ ማዕረግ ያያሉ፤ አሚን በሉ!» ልክ እንደሳቸው ረጋ ያለ፣ ልክ እንደሳቸው ጫፉ ላይ ዜማ ያለው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። አባባ መርቀው መርቀው «አሚን በሉ» ከማለታቸው በፊት ትንፋሽ ይሰበስባሉ። ይህኛው አንዴም አልተነፈሰም።

ማን እንደሠራው አወቀች። ከምን እንደተሠራም አወቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ ኑርዬ አበጋር ናቸው፤ ሰው ሲጣላ አስታራቂ፣ ሲጨንቀው መራቂ። ከውጫሌ ሳይቀር እስላሙም ክርስቲያኑም ምርቃታቸውን ፍለጋ ይመጣል። በዚህ አገር ደግሞ ምርቃት ዝም ብሎ ወግ አይደለም። ሽማግሌ መርቆ፣ ሕዝብ አሚን ካለ፣ ነገሩ አለቀ፤ ወደኋላ የሚል ሰው ልጁን የሚድርለት አያገኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ?

አባባ በስልክ መቀረጽ አይወዱም። ለሰሚሃ ብቻ ነበር እሺ የሚሉት። «የኔ ሆድ አስባሽ፣ ነይ እስቲ ክፈቺው» ይሏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረጸቻቸው። ከምርቃቶቹ አንዱን ገጿ ላይ ስታወጣው አሥራ ሁለት ሺህ ሰው ወደደላት። ያን ሰሞን እግሯ መሬት አልነካም። ወዲያው ኢምራን ደወለ፤ የአክስቷ የፈዲላ ልጅ፣ ደሴ ላይ ተምሮ እዚያው በኮምፒዩተር ሥራ የተቀጠረ። «ጎበዝ ነሽ እኮ! ያሉሽን ሁሉ ላኪልኝ። ለታሪክ በደንብ እናስቀምጣቸዋለን» አላት። አርባ አንዱንም ላከችለት። አባባን አላስፈቀደችም። ለታሪክ ነው የተባለ ነገር ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል ብላ።

ድርጅቱ «ሰማያዊ ዳርቻ» ይባላል። ጀልባ የሚታሰርበትን የሐይቁን ዳርቻ አጥሮ ትልቅ ሎጅ ሊሠራ ይፈልጋል። ለኳስ ቡድኑ ማሊያ ያለበሰው እሱ ነው። የአዳራሹን ወንበር የገዛው እሱ ነው። ቀድሞ የጠፋ በግ ሳይቀር ይፈለግበት የነበረውን «ሐይቅ ዛሬ»ን ራሱ ገዝቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ገጹ ላይ ስለ ድርጅቱ ክፉ የጻፈ ሰው ጽሑፉ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ምን ይደረግ። ሕዝቡ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ አዳራሽ ተሰብስቦ እጅ ያወጣል። ዓሣ አጥማጆቹ አንወጣም ብለው ቆይተው ነበር። ከእነሱ አንዱ የሰሚሃ አባት ባድሩ ነው።

እቤት ስትደርስ ባድሩ ደጃፉ ላይ መረብ ዘርግቶ ተቀምጧል። እየጠገነ አይደለም። ዝም ብሎ ያየዋል።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ሽማግሎች መጥተው ነበር» አለ ቀና ሳይል። «አባቴን ጠየቋቸው። ‹አያ ኑርዬ፣ በስልክ የሰማነው ቃል ያንተ ነው ወይ?› ሲሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ አሉ።»

አባባ ከታመሙ ወዲህ ጭንቅላታቸው አያርፍም፤ ዝናብ መጣ ሲሏቸውም፣ ምሳ ቀረበ ሲሏቸውም ከላይ ወደ ታች ይነቀነቃል። ይህን ባድሩም ያውቃል። ያዘነ ሰው ግን የሚያውቀውን ይረሳል።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ሕመሙ ነው…»

«ድምፁስ? ድምፁም ሕመም ነው?» አለ ባድሩ። መረቡን ሰብስቦ ወደ ጎን ጣለው። «እሳቸው ናቸው በሰባት ዓመቴ ታንኳ ላይ ያወጡኝ። ቆሮሶ ዓሣ በየት እንደሚያልፍ፣ አምባዛ የት እንደሚተኛ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ለአንድ ቀን እንኳ ‹ባድሩ፣ እንዲህ አስቤያለሁ› ቢሉኝ ምን ነበረበት? ለባዳ መርቀው እኔን ከዳርቻው ነቀሉኝ። አሚን ተብሏል፤ ቅዳሜ እጄን አወጣለሁ። የአባቴን ቃል አልጥስም። ግን ሆዴ ቆርጧል፣ ሰሚሃ። ሆዴ ቆርጧል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባድሩ አባቱን ማጉረስ ተወ። ጠዋት ጠዋት ደግፎ ፀሐይ የሚያሞቃቸው እሱ ነበር፤ እሱንም ለሰሚሃ ተወው። በአልጋቸው በኩል ሲያልፍ ወለል ወለሉን እያየ ያልፋል። አባባ በዓይናቸው ይከተሉታል። በሩ ላይ ሲደርስ ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ይወጣል፣ «እ… እ…» የሚል። ባድሩ አይዞርም። ሽማግሌው ምን አጠፋሁ ብለው ይሆን? ልጃቸው ለምን እንዳኮረፋቸው የነገራቸው እኮ የለም።

ሰሚሃ ማየት አቃታት። በሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ከሰብለወንጌል ጋር ወደ ዳርቻው ወርዳ ሁሉንም ነገረቻት። ሰብለወንጌል አፏን ይዛ ሰማቻትና «ሿሿ ነው የሠራሽ በይኛ፣ አጭበርብሮሻል!» አለች። «አሁኑኑ ደውይለት።»

ኢምራን በሁለተኛው ጥሪ አነሳ።

«እ… ሰሚ፣ እንዴት ነሽ? አባባ ተሻላቸው?»

«ኢምራን፣ ያን ነገር አባባ አላሉትም።»

«ኤአይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ድምፃቸውን አጠናና የጻፍንለትን ያነበዋል። ምን ችግር አለው? መናገር ቢችሉ ይሉት ነበር። ልማት እኮ ነው።»

«አይሉትም! አባዬ አኩርፏቸዋል። አያጎርሳቸውም።»

«ያልፋል፣ አብሽሪ። ስሚኝ፣ ይሄ ከላይ እስከ ታች ተነጋግሮ ያለቀ ነገር ነው። እኔም ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ደግሞ አስቢበት። ድምፁን የላክሽው አንቺ ነሽ። መልእክትሽ እኔ ጋ አለ። ቢወራ ማን የሚያፍር ይመስልሻል?»

ስልኩን ዘጋው። ሰሚሃ እንባዋ ወረደ። አባባ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም በአንድ ሰሃን ያበሏቸው ነበር፤ እሷንም፣ እሱንም።

«እንጻፈው» አለች ሰብለወንጌል። «ይሄን ሁሉ ጽፈን እንለጥፈው። ሰው ራሱ ይፍረድ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጻፉት። «የአያቴ የኑርዬ ድምፅ በኤአይ የተሠራ ነው። እሳቸው እንዲህ አላሉም» የሚል። ማን እንደላከው ግን ሰሚሃ አልጻፈችም። እጇ እዚያ ላይ ሲደርስ እምቢ አላት። «ሐይቅ ዛሬ» ሥር ያስገባችው አስተያየት ወዲያው ጠፋ። ራሷ ገጽ ላይ ያወጣችው ዘጠኝ ሰው ካየው በኋላ መልእክት መጣላት፤ ብዙ ሰው ስለከሰሰሽ አካውንትሽ ታግዷል ይላል። ማን ነው ብዙ ሰው? ሰብለወንጌል በራሷ ስልክ ሞከረች፣ የሷም ታገደ። የሐሰቱ ድምፅ ግን በክፍያ እየተዋወቀ አምባሰልን አልፎ ወልድያ ደርሷል።

«አሁንስ?» አለች ሰብለወንጌል።

ሰሚሃ ስልኳን ኪሷ ከታ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች።

ዓርብ ከሰዓት አባባን ስታጥባቸው በሩን ዘጋችና ስልኳን አወጣች። እንዲሰሙት መብት አላቸው ብላ አሰበች፤ ከፈተችላቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ የማን ድምፅ እንደሆነ ፈለጉ። ከዚያ ገባቸው። ግራ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ፤ አፋቸው ዝግ እንደሆነ በጣታቸው ዳሰሱት። ከደህናው ዓይናቸው እንባ ወረደ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ሰሚሃ። «የቀረጽኩዎትን ሁሉ ለኢምራን የላክሁለት እኔ ነኝ። ሳላስፈቅድዎት። አባዬም ያኮረፈዎ ለዚህ ነው፤ እርስዎ ያሉት መስሎት ነው። አፉ ይበሉኝ።»

እጃቸውን ስትይዛቸው ከእጇ አወጡት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰሚሃ ፎጣውን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ተቆጥተው አያውቁም እኮ፤ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተዋት አያውቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ባድሩ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ሊወጣ ሲል ደጁ ላይ ቆመችበት።

«አባዬ፣ እጅህን እንዳታወጣ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ።»

«አባባ አላሉትም። ድምፁ በማሽን የተሠራ ነው። የሠራው ኢምራን ነው።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለኢምራን የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ቆሞ ሰማት። አላቋረጣትም። ቅጂዎቹን ስትልክለት ከኢምራን ጋር የተጻጻፈችውን ስታሳየው አንድ በአንድ አነበበ፤ ቀስ ብሎ፣ በከንፈሩ። ስልኩን መለሰላትና ወደ አባባ ክፍል ገባ። ሰሚሃ ከውጭ ሆና አባቷን ሰማችው። «አፉ በለኝ አባቴ፤ አሥር ቀን ሙሉ! አሥር ቀን ጀርባዬን ሰጠሁህ!» አንቱታው ሁሉ ጠፍቶት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የሽማግሌውም «እ… እ…» ከሱ ጋር ተደባለቀ።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ሰሚሃ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ስትራመድ እጁን ዘርግቶ አቆማት።

«ዛሬ ፊትሽን ማየት አልችልም» አለ። «ሄጄ ሐሰት ነው እላለሁ። ለጀልባው ብሎ ነው ይሉኛል፤ ይበሉኝ።» ሄደ።

እውነቱን ነው፤ አያምኑትም። ሽማግሎቹ በዓይናቸው አይተዋል፣ ሕዝቡ አሚን ብሏል። ዓሣ አጥማጅ ስለ ዳርቻው ቢምል ማን ይሰማዋል? ሰሚሃ ሻሿን አስተካክላ በታችኛው መንገድ ወጣች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ የድርጅቱ ሰዎች ተደርድረዋል፤ ከጥግ በኩል ኢምራን ከድምፅ ማጉያው ጋር ይታገላል። ሰሚሃ ከሴቶቹ መካከል፣ ዓሣ ቸርቻሪዋ እትዬ እናትነሽ ጎን ቆመች። ባድሩ ፊት ለፊት ከአጥማጆቹ ጋር ነው። ተናግሮ ኖሯል፤ አንዱ ሽማግሌ ገና እየመለሱለት ነበር። «ባድሩ፣ ሐዘንህ ይገባናል። ግን አባትህን ጠይቀናል። እኛም አሚን ብለናል። አሚናችንን ወዴት እናድርገው?»

ሰብሳቢው «ሌላ አስተያየት ከሌለ ወደ ድምፅ አሰጣጡ እንሂድ» አለ።

ሰሚሃ እጇን አወጣች። ኢምራን አያት። ራሱን በአሉታ ነቀነቀላት፤ ቀጥሎ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ብልጭ አደረገላት።

«ልጅ ነሽ እኮ» አለ ሰብሳቢው።

«ተዋት፣ ትናገር» አሉ እትዬ እናትነሽ።

«በስልክ የሰማችሁት የአባባ ኑርዬ ቃል አይደለም» አለች ሰሚሃ። «ድምፃቸውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ያ ሽማግሌ ዓይናቸውን አጥብበው ፈለጓት። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

አባቷን አየችው። ከኋላ ጀርባው ብቻ ነው የሚታያት፤ ነጭ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተወጥሯል።

«የባድሩ ልጅ ነኝ» አለች። «የኑርዬ የልጅ ልጅ።»

ባድሩ አልዞረም። ሰሚሃ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ ገጿ ላይ ካወጣችው ከመጀመሪያው ምርቃት ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።